ሁለት ፊደል፣ አንድ ባለቤት

የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። ከላይ ምንጣፍ፣ አበባ፣ ፈገግታ፤ ከታች እንፋሎት። የታቾቹ ያጥባሉ፣ የላዮቹ ደግሞ ንጽሕናው ከራሳቸው የፈለቀ ይመስላቸዋል። ከታቾቹ አንዷን ጓደኞቿ እትዬ እንፋሎት ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለፌዝ ነበር፤ ሳሏ እየበረታ ሲሄድ ግን ፌዙ አላስቅ አለ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ከዚያ እርጥብ አየር ካልወጣሽ የምሰጥሽ መድኃኒት ከውኃ አይለይም ብሏታል።

መውጫው አንድ ብቻ ነው፦ የፎቅ ተቆጣጣሪነት። ክፍሉ መጠረጉን፣ አልጋው በወጉ መነጠፉን የሚያይ ሰው ማለት ነው። ለዚህ ዓይንና እግር ይበቃል ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ሥራ አስኪያጁ የእንግሊዝኛ ቃላት ፈተና ይፈትናል፤ አንሶላ በእንግሊዝኛ ሲነጠፍ የሚለሰልስ ይመስል። ከእንግዶቹ ግማሹ ከእንግሊዝኛ ጋር በሩቁ ሰላም የሚባባል ነው። የቀረው ግማሽም ፎጣ ከማለት አልፎ አያውቅም።

እትዬ እንፋሎት ግን አላጉረመረመችም። መንገድ ዳር ከሚሸጡት፣ ሽፋናቸው ላይ ክራባት ያሰረ ሰው ያለ ምክንያት ከሚስቅባቸው መጻሕፍት አንዱን ገዛች። መጽሐፉ ቃላቱን በሚጀምሩባቸው ሁለት ፊደላት እየቧደነ፣ ከነፍቻቸው ይደረድራል። ይህ ለእሷ አዲስ አልነበረም። በማጠቢያው የእያንዳንዱ እንግዳ ልብስ ላይ ሁለት ፊደል የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ትሰፋለች፤ ፊደሎቹ አንድ ከሆኑ ባለቤቱም አንድ ነው። በዚህ ሕግ ዕድሜዋን ሙሉ ካልሲን ከካልሲ ስታገናኝ ኖራለች። ቃላቱንም እንዲሁ ትለያቸው ጀመር።

ሕጉም ሠራ፤ ጉዱ እሱ ነው። በኤስና በኤን የሚጀምሩትን አየች፦ ስኖር ማንኮራፋት፣ ስኒዝ ማስነጠስ፣ ስኒፍ ማሽተት። ባለቤታቸው አፍንጫ። በጂና በኤል የሚጀምሩትን አየች፦ ግሎው የፍም ብርሃን፣ ግሊተር መብለጭለጭ፣ ግሌር ዓይን የሚወጋ ጮራ። ባለቤታቸው ብርሃን። ባለቤቱ ከታወቀ የቀረውን ገጽ ማንበብ ምን ያደርጋል? ወደሚቀጥሉት ፊደላት አለፈች። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። ስታጠና ሲሰማት፣ ቤቱን አፍንጫ ሞላው፣ የጠፋው የሚናፈጥ ነው ይላል።

ሥራ አስኪያጁ የሚፈትነው በቃል ነው፤ መልሱን ፊቱ ከተዘረጋው ወረቀት ላይ በጣቱ እየተከተለ። የመጀመሪያዎቹን መለሰች። ቀጥሎ ግሉም አላት። ቃሉን አይታው አታውቅም፣ ምልክቱን ግን ታውቃለች።

«ብርሃን ነው፣ ጌታዬ።»

ጨለማ ኖሯል። ግሉ አላት፤ ደማቅ ብርሃን አለች። ሙጫ ኖሯል። ስኔል ሲላትም የአፍንጫ ነገር መሆኑን አስረድታ ምስኪኑን ቀንድ አውጣ አፍንጫ ውስጥ ከተተችው። ሥራ አስኪያጁ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ቦታውም ለሌላ ተሰጠ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ምድር ቤት ወረደ። ካውያ የምትይዘው ጓደኛዋ የሙጫ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ መብራት ጠፍቷል። እስቲ ይቺን አብሪልን።»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፣ ሳቋ ሳል እስኪሆን። ሳሉ አልቆም ሲል ጓደኛዋ ጠርሙሱን ከጀርባዋ ደበቀች።

ማታ ባሏ ሊያጽናናት ሞከረ፤ አያውቅበትም። «ተይው በቃ አንቺ ሴት፣ ቋንቋቸውን ለራሳቸው ተይላቸው።»

«ቋንቋውን ተውኩላቸው እንበል። ሳንባዬንስ አብሬ ልተውላቸው?»

ፀጉር አስተካካዩ ቀልድ ሳይጨምር መጽሐፉን አንሥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ይህ በትዳራቸው ታሪክ የተመዘገበ አልነበረም።

እሷ ግን ሕጉን አልጣለችም። አንዳንዴ ሁለት እንግዶች በአንድ ዓይነት ፊደል ይገጣጠማሉ። ያን ጊዜ ሥራዋን የምታውቅ አጣቢ ምልክቱን አይታ አትወረውርም፤ ሸሚዙን ትዘረጋለች፣ ኮሌታውን፣ ቁልፉን፣ ትከሻውን ታያለች። ፊደሉ የት እንደምትፈልጊ ይነግርሻል፤ የማን እንደሆነ የሚነግርሽ ልብሱ ነው። በጨርቅ የምታውቀውን በቃላት ላይ የዘነጋችው ስንፍና ይዟት እንጂ ሌላ ምክንያት የላትም፤ ይህን ያለችውም ራሷ ናት። ወደ ተወችው ገጽ ተመልሳ ቃላቱን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። አንሶላ ስታራግፍ በቃሏ ትላቸዋለች። ከሥራ ስትወጣ ባሏ ፀጉር ቤት ትቀመጣለች፤ እሱ የደንበኛውን ማጅራት እየላጨ ይጠይቃታል። ግላቭ? ጓንት። ግለተን? ሆዳም። ወፈር ያሉ አንድ ደንበኛ ይህን የሰሙ ዕለት ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ቦታው እንደገና ሲከፈት ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። ሥራ አስኪያጁ ገና ሲያያት ፈገግ አለ፤ ለመሳቅ ሲል ያንኑ ገጽ ገለጠ፣ ገንዘብ ያዡንም ሳቁን እንዲካፈል ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠ። ግሉም? ጨለማ፣ የልብ መክፋትም። ግሉ? ሙጫ። ስኔል? ቀንድ አውጣ። ቀጥሎ ግሊን አላት። ይህ መጽሐፏ ውስጥ አልነበረም። ብርሃን የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው።

«አላውቀውም።»

«ገምቺ እንጂ፣ ሁሉም ይገምታል» አላት እየጓጓ።

«ስገምት ባለፈው አይተውኛል፣ ጌታዬ። ዜሮ ያድርጉልኝና ይቀጥሉ።»

መቃረም ማለት ነው አላት፣ ቀጠለ። ጣቱ ከቃል ወደ ቃል ወረደ፣ መልሷም ተከተለው፣ ሳቁ የሚመጣበት ቦታ ጠፋ። ገጹ አለቀ። ያቺ አንድ ዜሮ አትጥላትም፤ ሥራ አስኪያጁ ሌላ እንከን ሲፈልግ ገንዘብ ያዡ በጽሞና ይመለከተው ነበር። ለሳቅ የተጠራ ሰው ምስክር ሆኖ ተገኘ፤ ሥራ አስኪያጁ ፈረመ።

በማግስቱ ደረጃውን ወጣች፣ መሃል ላይ ቆማ አርፋ ጨረሰችው። የመጀመሪያውን ክፍል ከፈተች፣ የአልጋውን ጠርዝ በእጇ ዳበሰች፣ መስኮቱን ከፈተች። ደረቁን አየር ሳበች፣ ሳለች፤ እንደገና ሳበች።