ሁለት ጎሚኒ

ሰው ሲመክረኝ ደሜ ይፈላል። አሁን ዕድሜ ትንሽ አብርዶኛል እንጂ ያኔ እንኳን ሌላ ሰው አባቴም ቢመክረኝ ፊቴን አዞር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ ቆሼ ከተማ ላይ በርበሬ ይነግዳል፣ እኔ ደግሞ ያቺን አሮጌ የናፍጣ ፒካፑን እነዳለታለሁ። መካኒክ ነኝ ብዬ አላውቅም፤ መካኒክ ደግሞ ምን ያውቃል የምል ሰው ግን ነበርኩ።

ታናሽ እህቴ ቡታጅራ ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ሒሳብ ላይ ጉድ ናት። መምህሩ የቀረ ቀን ሰሌዳው ላይ ወጥታ ክፍሉን የምታስተምረው እሷ ነበረች ይባላል። በዚያ ሳምንት ማትሪክ ላይ ነበረች። ዓርብ ላይ ሁለት ቀን እረፍት ተሰጣቸው፤ ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ነው። እናቴ ልጄ ከስታለች፣ እቤቷ መጥታ እህል ትቅመስ አለች። አባቴ ፈተና ላይ ያለ ልጅ ከቦታው አይነቃነቅም ብሎ ተቆጣ። እኔ መሃል ገባሁና እኔው አመጣታለሁ፣ ሰኞም እኔው አደርሳታለሁ አልኩ።

«በአንተ ኃላፊነት?» አለ አባቴ።

በእኔ አልኩት።

ዓርብ ላመጣት ስወጣ መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች። ፊልትሮው፣ የናፍጣ ማጣሪያው፣ መደፈኑ ገባኝ። ቡታጅራ ስደርስ አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ አዲስ የናፍጣ ፊልትሮ ገዛሁ። እዚያ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ እኛው እንቀይርልህ አሉኝ፤ እቤቴ እቀይረዋለሁ ብዬ እምቢ አልኩ። እንግዲያው የድሮው ጎሚኒ አብሮ መውጣቱን እይ አሉኝ። ጎሚኒ የሚሉት ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ከላይኛው ብረት ጋር ሲገጥም አየር እንዳይገባ የሚዘጋው እሱ ነው። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ አልኳቸው። ወላሂ፣ ነገሩን የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው።

እሁድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊልትሮው አልፈታም ብሎ አስቸገረኝ፤ ቀበቶዬን አውልቄ ጠመጠምኩበትና ስስበው ለቀቀ። ከላይ ያለውን ብረት በጨርቅ ጠርጌ በጣቴ ዙሪያውን ዳበስኩት። ለስላሳ ነው። አዲሱን ናፍጣ ሞልቼ፣ አጥብቄ ገጠምኩት። ከላዩ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ደጋግሜ ስጫን አየሩ ወጣ፣ ቁልፉን ባዞረው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እህቴ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፍ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ለነገው መንገድ ብዬ ነው፣ መሃል ላይ እንዳትገትረን አልኳት። እውነቴን ነበር። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ የመጣ ተማሪ አይገባም። መንገዱ ያኔ ጠጠር ቢሆንም ቢፈጅ አንድ ሰዓት ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ዱዓ አደረገችልን። እህቴ የፈተና መግቢያ ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ እጇ ላይ ይዛዋለች፣ እኔ እንደ ትልቅ ሰው በአንድ እጄ እነዳለሁ።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሞተሩ ተንፈራፈረና ቀጥ አለ። ወርጄ ፓምፑን ተጫንኩ፣ ተነሳ። ሁለት መቶ ሜትር ሄድንና ቀጥ። ወረድኩ፣ ተጫንኩ፣ ተነሳ፣ አሁንም ቀጥ። ናፍጣ ሻጩን ረገምኩ። ውሃ ነው የሸጠልኝ፣ ሌባ አልኩ። እህቴ ሰዓቷን አየች፤ እኔ እሱንም እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ሰዓት አትቁጠሪብኝ ብዬ ጮህኩባት።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና መጣ። በሰላም ነው ብሎ ሾፌሩ አጠገባችን ቆመ። ካርዷን አየና ተፈታኝ መሆኗ ገባው፤ ቦታ አለኝ፣ ልውሰዳት አለ። እሷ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አውርዳለች። ልክ በዚያች ደቂቃ የእኛዋ ተነስታ ድምፅዋ ቆንጆ ሆኖ ነበር።

«ተነስቷል እኮ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ሾፌሩ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ደገመልኝ። አላህ ይስጥልኝ፣ እንደርሳለን አልኩት። እህቴን ለማላውቀው ሾፌር አልሰጥም ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ውሸቴን ነው። ቡታጅራ በሰው መኪና ገባች መባሉን፣ አባቴም ያንን መስማቱን ፈርቼ ነው። መኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ። እሷ እግሯን መለሰችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አምስት መቶ ሜትር አልሄድንም።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ፓምፑን ስጫን አውራ ጣቴ ተላጠ። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። እህቴ ወርዳ ኮፈኑ ሥር ቆመች።

«ጋሼ፣ ትናንት ያወጣኸው ፊልትሮ የት ነው?»

ከኋላ ጭነቱ ላይ ጥዬዋለሁ፣ ምን ይሠራልሻል አልኳት። አንስታ አገላበጠችው። አናቱ ላይ ለቀለበት የተሠራ ዙሪያ ቦይ አለ፣ ባዶ ነው። አዲሱ ላስቲክ ነበረው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነበረው አልኩ።

«ታዲያ የዚህኛው የት ሄደ?»

ያኔ ገባኝ። ለስላሳ ነው ብዬ የዳበስኩት ብረት አልነበረም፤ ደርቆ ብረቱ ላይ የተጣበቀው የድሮው ጎሚኒ ነበር። አዲሱን እሱ ላይ ገጥሜው መኪናዋ በሁለቱ መካከል አየር ስትምግ ነበር። ሽማግሌው የነገሩኝ ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ መጣ። ለእህቴ ግን አልነገርኳትም።

በቀበቶዬ ፈታሁት፣ የድሮውን በቢላ ጫፍ ላጥኩት፣ አዲሱን መልሼ አሰርኩ። ግማሹ ናፍጣ መሬት ፈስሷል፣ መስመሩ በሙሉ አየር ነው። አንድ ሰው ፓምፑን ያለማቋረጥ ሲጫን ሌላው የአየር ማውጫዋን ብሎን መክፈትና መዝጋት አለበት። እሷ እጇን ልትሰድ ስትል ያዝኳት። የመልስ ወረቀቱ በማሽን ነው የሚታረመው፤ ቅባት ከነካው ማሽኑ አያነበውም ብለው መምህሮቻቸው አስፈራርተዋቸዋል። እጅሽን እንዳታስገቢ አልኳት።

«ካልደረስኩ ንጹሕ እጅ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ፣ ፓምፑንም ያዘች።

ስትጫን ናፍጣው እየተረጨ እስከ ክርኗ ደረሰ። አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ ሲወጣ ብሎኑን አጠበቅኩ። ቁልፉን ባዞረው ባትሪው ደክሟል፣ እህ ብሎ ተኛ። በሬ ይዘው ወደ እርሻ የሚወርዱ ሦስት ገበሬዎች ሰላም አሉን። የሆነውን ስነግራቸው በሬዎቹን እዚያው ትተው ቢስሚላህ ብለው ገፉ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳች፤ አመሰግናለሁ እንኳን ሳልላቸው ነዳሁ።

ከዚያ አልቆመችም። ይኸው ነው ትልቁ ቁጭቴ፤ በትክክል ስትገጠም አልቆመችም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። ካርዷን አይተው በሩን ከፈቱ፣ እጇን ሲያዩ ግን መልሰው ያዙት። በዚህ እጅሽ ወረቀት ልትነኪ ነው ወይ አሏት። ለውዱእ የያዙትን ማንቆርቆሪያ አምጥተው ውሃ አፈሰሱላት፣ ሳሙና ሰጧት። አጠበች፣ ሽታው አልሄደም። ደግማ አጠበች። እኔ ቆሜ የቀረውን ደቂቃ እቆጥር ነበር። ከዚያ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ሮጠች። ዞር ብላ አላየችኝም።

ስትወጣ እንዴት ነበር አልኳት። ደህና ነው ብላ ውሃ ጠየቀችኝ። የመጨረሻ ፈተናዋ ስለነበር ቆሼ ይዣት ተመለስኩ። ወደ ማታ ነው ለእናቴ ስትነግራት የሰማሁት፤ እጄ ወረቀቱን ያበላሸዋል ብላ ፈርታ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ስትጽፍ ጊዜው አልቆባት፣ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች አላየቻቸውም። አባቴ መኪናዋን ምን ነካት ብሎ ሲጠይቀኝ ናፍጣው ውሃ ነበረበት አልኩት። እህቴ እዚያው ነበረች። የድሮውን ጎሚኒ በቢላ ስልጥ አጠገቤ ቆማ አይታለች። አላጋለጠችኝም።

ውጤት ሲመጣ ቡታጅራ ድረስ አብረን ሄድን። ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሒሳብ ዲ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ አልሞላላትም። ቤት ስንገባ አባቴ ወረቀቱን ተቀበላትና ሒሳብ የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ይሄ እንዴት ሆነ አላት።

«አባ፣ ሒሳብ ድሮም ይከብደኝ ነበር» አለችው።

አባቴ እሷን አላየም። ቀና ብሎ እኔን አየኝና መልሴን ጠበቀ። እኔም ዝም አልኩ።