በቁሟ የተለቀሰላት ተማሪ

መታወቂያዬ ላይ «ገቢ አሰባሳቢ» የሚል ቃል አለ። ያየው ሰው ሁሉ ዲግሪ ያለኝ ይመስለዋል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ለችግረኛ ልጆች ደብተር፣ ዩኒፎርምና ማስጠኛ ቤት የሚያቀርብ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ እዚያ የገባሁት ለጽዳትና ሻይ ለማፍላት ነበር። ይህን የምጽፈው ግን እንዴት እንዳደግሁ ለማውራት አይደለም። ተናድጄ ነው። ንዴቱ ዓመት አልፎትም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ሥራው ወደ እኔ የመጣው ሳላስበው ነው። ቢሮው ለነጋዴዎች ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይልክ ነበር። ነጋዴው ይቀበላል፣ «እናየዋለን» ይላል፣ በዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ለቢሮው የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ሄድኩ። ነጋዴው ጨርቁን ሲለካልኝ ዝም ብዬ መቆም ስላልሆነልኝ፣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ዩኒፎርም ስላላገኙት ልጆች አወራሁት።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ቁመታቸውስ?»

በእጄ አሳየሁት። አንዷ እስከ ወገቤ፣ አንዱ እስከ ትከሻዬ፣ አንዱማ ከእኔም ይበልጣል። ሰውየው ሳቀ። «ደብዳቤው ላይኮ ቁመታቸው የለም» ብሎ ሁለት ጣቃ ጨርቅ አሸከመኝ።

ከዚያ ወዲህ አጠያየቄ ይኸው ነው። ጨርቅ ያለውን ጨርቅ፣ ወፍጮ ያለውን ዱቄት፣ ልብስ ሰፊውን የአንድ ቀን ጉልበት እጠይቃለሁ። በመንፈቁ መጨረሻ ደግሞ የልጆቹን ደብተር ወስጄ አሳያቸዋለሁ። ባለወፍጮው የአንዱን ልጅ የሒሳብ ፈተና አገላብጦ «ይሄማ ከእኔ ይሻላል፤ ምነው ስድስት ብቻ ሰጡት?» ብሎ ከአስተማሪው ጋር ሊጣላ ተነሥቶ ነበር። በዚህ ዓይነት ከሻይ ማፍያው ወጥቼ ጠረጴዛ ተሰጠኝ።

እኔ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ከመንገድ ተመልሼ እሞክራለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ነጠላዬን አንሥቼ መንገድ ላይ እወጣለሁ። ለቢሮ የምጽፈውን ወረቀት ሦስት ጊዜ እገለብጣለሁ። ይህ ፍርሃቴ ለሥራው በጅቶኝ ነበር፤ የተሰጠኝን አልጥልም፣ የተናገርኩትን አላጥፍም። ያቺን ቀን ግን ይኸው ፍርሃት አዋረደኝ።

ሥራ አስኪያጃችን በዕድሜ ያንሰኛል፤ እኔ ግን በአንቱታ ነው የማናግረው። አንድ ጠዋት ጠራኝና በትልቅ ሆቴል አዳራሽ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት እንዳለ ነገረኝ።

«እትዬ፣ ያንቺ የጨርቅና የዱቄት ጥየቃ ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ነው። ሰው በደንብ የሚሰጠው ሲያይ ነው። ልጅሽ ዓይኗ ይናገራል። ነገ ለማስታወቂያው ፎቶ በቤት ቀሚሷ ይዘሻት ነይ። ጫማ አያስፈልግም።»

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ጫማ አላት። በላቤ የገዛሁት ጫማ ነው። ግን «ጫማ አላት» አላልኩም። «ቶንሲል ይዟት ተኝታለች» አልኩ። ውሸት ነበር፤ ልጄ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበረች።

«እንግዲያው ሌላ ፈልጊ። እናቶቹ አንቺን ያምኑሻል» አለኝ። ቀጥሎም የገቢ አሰባሰብ ኃላፊ አድርጎ ሊሾመኝ ደብዳቤው ለፊርማ መቅረቡን ጣል አደረገልኝ።

ሌላ ፈለግሁ። ሩቅ አልሄድኩም። ከምንደግፋቸው አንዷ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ከዳባት አለፍ ብሎ ደጋ ላይ ነው። እሷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቁስቋም አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ያን ሳምንት እናትየዋ ስንቅ ይዛ፣ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክማ መጥታ ነበር። ልጅሽ ለዝግጅት ፎቶ ልትነሣ ነው አልኳት።

በማግሥቱ ልጅቱን አምጥታ ሳይ ልቤ ደስ አለው። ገላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ፣ ለጥምቀት የተገዛላትን ቀሚስ አልብሳ ነው ያመጣቻት። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በጆሮዬ «ይሄ ሠርግ ነው እንዴ? ንገሪያት» አለኝ።

ነገርኳት። እኔው በአፌ። የቤት ልብሷን ትቀይር አልኳት።

«ምነው እቴ?» አለች እናትየዋ። «እንግዳ ሊያያት አይደል? ሸጋ ልብስ እያላት ምነው በቡትቶ?»

«ፎቶው እንደዚያ ነው የሚፈልገው» አልኩ። ፎቶው! ሰው አፍሮ ሲናገር ዕቃን ያሳብባል።

ልጅቱ ልብሷን ቀየረች። ጫማዋን ራሷ አወለቀች። ሥራ አስኪያጁ ካሜራውን ደግኖ «አባትሽን አስቢው» አላት። አባቷ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዓይኗ ሞላ። እሱ «በጣም ጥሩ!» አለ።

ፎቶው ለዝግጅቱ ማስታወቂያ በባነር ሲታተም የቢሯችንን የአጥር በር ግማሽ የሚሸፍን ነበር። መደቡ ጥቁር፣ መሐሉ ላይ የልጅቱ ፊት፣ ከጎኗ የበራ ሻማ። የዝግጅቱ ስም ስለ ብርሃን ስለነበር ነው ሻማው። እኔን ደስ አላለኝም። «ጥቁሩ ምነው?» አልኩት።

«ጥቁር ሆድ ያባባል፣ እትዬ።»

ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ደብዳቤዬ ገና አልተፈረመም ነበር። እናትየዋ ወደ ደጋ ከተመለሰች በኋላ ባነሩ ወደ መንገዱ ዞሮ ተሰቀለ።

በሦስተኛው ቀን የልጅቱ አጎት፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ በግ ሊሸጥ ጎንደር ወረደ። ማንበብ አይችልም። በአራዳ ሲያልፍ የእህቱን ልጅ ፊት በጥቁር ላይ፣ ከሻማ ጋር አየ። በእኛ ከተማ ፎቶ እንደዚያ ገዝፎ በጥቁር የሚሰቀለው ለሟች ነው። መንገደኛ አልጠየቀም፤ መርዶ መንገድ ላይ አይጠየቅም። ሰው ሲሞት ሩቅ ያለ ቤተሰብ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ እስኪያረዳው ድረስ እንደሚደበቅ ያውቃል፤ እኛም የደበቅናቸው መሰለው። ቁስቋም ወጥቶ የልጅቱን ክፍል አየ። በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። ልጅቱ ትምህርት ቤት ናት፤ እሱ ግን የተዘጋውን በር አይቶ ሞታለች ብሎ ደመደመ። በጉን ሳይሸጥ ተመለሰ። ያን ሰሞን ስልክ እነሱ ዘንድ አይሠራም ነበር፤ ደውሎ የሚያጣራ የለም። በማግሥቱ ማለዳ እናትየዋን አረዷት።

ዝግጅቱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት የቢሮውን በር ስከፍት አንድ አይሱዙ ቆሟል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ይወርዳሉ። እናትየዋ ባነሩን ስታይ መሬት ላይ ወደቀች። ደረቷን ትመታለች፣ የልጅቱን ስም ትጠራለች። እኔም አመንኩ። ዛሬም ድረስ የሚያንቀጠቅጠኝ ይህ ነው። ባነሩን የሰቀልነው እኛ፣ ልጅቱንም ከትናንት ወዲያ በዓይኔ ያየኋት፣ ግን እናት እንዲህ ስትጮህ ሳይ ልጅቱ ሞታለች ብዬ አመንኩ። «መቼ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«መቼን ካንቺ ነው የምንሰማው!» አለኝ አጎትየው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሮጥኩ። ባጃጅ ይዤ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ፤ ልጅቱን ከክፍል አስጠርቼ በደህና አየኋት፤ እጇን ይዤ እየጎተትኩ አመጣኋት። ስክሪብቶዋን እንደያዘች ነው።

እናትየዋ ልጅቱን አየቻት። ልትነካት ፈራች። ከዚያ ፊቷን ዳሰሰች፣ አንገቷን አሸተተች፣ ጮኸች። ሰዎቹ እልል አሉ። አንዲት ዘመዳቸው እንባዋን ሳትጠርግ ወደ አጎትየው ዞረች።

«አያ! ያን ሁሉ ንፍሮ እንግዲህ ብቻህን ትጨርሰዋለህ!»

«በሩ ተቆልፎ ነበር እኮ» ይላል እሱ።

«በር በተቆለፈ ቁጥር የምታለቅስ ከሆነ ገበያ አትውረድ!»

ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ዞር ስል ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። እናትየዋ መሬት ላይ ከተንከባለለችበት ጀምሮ ነው የቀረጸው። ሊያነሣት እጁን አልሰጣትም። እኔን «ዞር በይ፣ እየከለልሽ ነው» አለኝ።

እናትየዋም አየችው። ተነሣች፣ አፈሩን ከቀሚሷ አራገፈች፤ ከእሱ ጋር ግን አልተናገረችም። ወደ እኔ ነው የመጣችው።

«ያንቺዋስ?» አለችኝ። «ልጅ የለሽም? እሷን ምነው አልሰቀልሽ?»

ዋሽቼ መመለስ እችል ነበር። ቶንሲሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ሳስቼላት» አልኩ።

«እኔስ አልሳሳም?»

ወጥ ቤት ገብቼ ቢላዋ አመጣሁና የባነሩን ገመድ ቆረጥኩ። እናትየዋ ጠቅልላ በብብቷ ያዘችው። «የልጄን ፊት ለማንም አልተውም» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ያ የተቀረጸው ለቅሶዬ ለሰው እንዳይታይ በማርያም ማይልኝ፤ ከማልሽልኝ ልጄን እዚሁ ትቻት እሄዳለሁ፣ ካልማልሽ ትምህርቱም ይቅር አለች። ልጅቱን ለልጁ ሚስትነት የጠየቀ ቤተሰብ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልጅቱ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ። «ያጥፉት» አልኩት።

«እብድ ነሽ? ለነገው ፊልም ለዲዛይነሩ ልኬዋለሁ። ይሄኮ ተፈጥሯዊ ነው፤ ማንም ተዋናይ አይሠራውም። ሥራሽን እወቂ።»

በማርያም በሐሰት አልምልም። አልማልኩም። ልጅቱን አይሱዙው ላይ አሳፈሯት። ደብተሮቿ ተከራይታ የምትኖርበት ክፍል ቀሩ።

በማግሥቱ ፊልሙ አዳራሽ ውስጥ ታየ። እናትየዋ ስትወድቅ ሰው በሶፍት ዓይኑን ይጠርጋል። ስለ አጎትየውና ስለ ተቆለፈው በር አንድ ቃል የለም፤ ልጇን ማስተማር ያልቻለች እናት ለቅሶ ተብሎ ነው የታየው። እኔ በር ላይ ቆሜ የፕሮግራም ወረቀት አድል ነበር። ተነሥቼ «ውሸት ነው» አላልኩም። በሳምንቱ የሹመት ደብዳቤዬን ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ። ይህንንም አልደብቅም። የምናደደው በሰውየው ብቻ አይደለም።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ ደብተሯን ዘርግታ ስታጠና ባየሁ ቁጥር ያቺኛዋ ምን ታደርግ ይሆን እላለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ መንገዱ ሰላም ነው ሲሉኝ ደጋ ወጣሁ። እናትየዋ ከደጅ አቆመችኝ። «ግቢ» ያለችኝ አጎትየው መጥቶ «እቴ፣ የመጣ ሰው ብርድ ላይ አይቆምም» ሲላት ነው።

ገንዘብ ይዤ አልሄድኩም። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ልጅቱ እንድትመለስም ለመንኩ። ሲጠይቁ የኖሩ ሰዎች መለመን አይከብዳቸውም ይባል ይሆናል። ከብዶኛል።

እናትየዋ የያዘችውን የበቆሎ ራስ ፈልፍላ ጨረሰች። ከዚያ ውሏን ተናገረች።

«ከኪራይ ቤት ወጥታ ካንቺ ቤት ትኑር። ያንቺዋ በተኛችበት ትተኛ። ማንም ፎቶ ሊያነሣት ከመጣ ያንቺዋም አጠገቧ ትቁም፤ የኔዋ በቡትቶ ከሆነ ያንቺዋም በቡትቶ።»

«እሺ» አልኩ።

«አያ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ አጎትየው። «እኔ ግን ከእንግዲህ ምስክር ብባል ማን ያምነኛል?»

እናትየዋ አልሳቀችም። ልጅቱ ግን ሳቀች፤ ተነሥታም ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

አሁን እኔ ቤት ነች። ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ከልጄ ጋር በብርድ ልብስ ይጣላሉ። ሁለቱም ሲዘገዩ የምወጣው አንድ መንገድ ላይ ነው፤ ስጋቴ ግን እጥፍ ሆኗል። እናትየዋ ስንቅ ታመጣለች። ሰላም ትለኛለች፣ ቤቴ ግን አትቀመጥም።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ደጋፊዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ፊልሙን አይተው «ያቺን ልጅ እንያት» ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ በለመደው አነጋገር «ቀለል ባለ ልብስ» አምጫት አለኝ። ውሉን ነገርኩት፤ ልጄም አብራ እንደምትቆም።

«ይሁን፤ ሁለት ከሆኑ ደግሞ የተሻለ ነው።»

ደሜ ፈላ። «የእርስዎም ልጅ ይጨመር» አልኩት። የግል ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ አለው። «ጫማውን አውልቆ በመሐላቸው ይቁም። እኔ ልብሱን እቀይርለታለሁ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀልዴን እንዳልሆነ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ልጄን ከዚህ ውስጥ አውጪው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶም እንደ ድሮው «እሺ፣ ሌላ እናት ፈልጊ» አለኝ።

«አልፈልግም።»

«ሥራሽ ነው።»

«አይደለም» ብዬ ወጣሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ደጋፊዎቹ ሲመጡ የልጅቱን ደብተር አሳየኋቸው፤ እሷን አላሳየኋቸውም። ክፍል ውስጥ ነበረች።