ተዘቅዝቆ የሚነሳው ስክሪን

አሥራት ወልደየስ ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ በር ሱቅ ተከራይቶ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀድሞ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረው ሰው የለም፤ እየፈታ፣ እያበላሸ፣ መልሶ እየገጠመ ነው የለመደው። ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ሁለት የግል ትምህርት ቤቶችና አንድ ክሊኒክ ማሽናቸው አልነሳ ሲላቸው የሚደውሉት ለእሱ ነው። ብዙ ጊዜ እስኪሄድም አይጠብቅም። ባለበት ሆኖ «እዚህ ጋ ተጫን፣ ያንን ንቀል፣ መልሰህ ሰካ» ይልና ያስተካክለዋል። በዚህ ችሎታው ይኮራ ነበር። ሌሎች ሠራተኞች ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸውን እሱ በሁለት ደቂቃ ስልክ ይጨርሰዋል ይባልለት ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሱሉልታ አንድ የአበባ እርሻ ቢሮ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ ገመድ ሲዘረጋ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው ክሊኒኩ ውስጥ በዶክተሩ ክፍል የምትሠራው ነርስ፣ የወይንሐረግ ነበረች።

«ጋሼ አሥራት፣ የዶክተር ስክሪን ተዘቅዝቆ ቀረ።»

አሥራት ስክሪኑን ያውቀዋል። በሚያዝያ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ራሱ ነው። ገመዱ የሚመጣው ከኮርኒሱ፣ መሰኪያው ያለው ከስክሪኑ በታች ስለነበር ገመዱ አልደርስ አለው። ያኔ ስክሪኑን ገልብጦ ሰቀለውና ምስሉን በኮምፒውተሩ ማስተካከያ አዞረው። «ረዘም ያለ ገመድ ሳገኝ መልሼ አቆመዋለሁ» ብሎ ነበር፤ አላቆመውም። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሁሉም ነገር ለጥቂት ሰከንድ ተዘቅዝቆ ይታያል፣ ከዚያ ይቃናል። ክሊኒኩ ለምዶት ይስቅበት ነበር። በዚያን ቀን ግን መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ሲመጣ ማስተካከያው ጠፋ፤ ስክሪኑም ተዘቅዝቆ ቀረ።

«ሌላው ይቆይ» አላት አሥራት። «ዶክተሩ የሚፈልገው የራጁን ምስል ነው አይደል?»

«አዎ፣ በሽተኛም ተቀምጧል። ማውሱም ወደ ቀኝ ስለው ወደ ግራ እየሄደ አስቸገረኝ።»

«ቀስ ብለሽ ራጁን ክፈቺው። ከላይ ከተደረደሩት ምልክቶች ውስጥ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች ያሉበት አለ። እሱን ተጫኚ።»

ምልክቱን ፈልጋ ተጫነች። «ቆመ!» አለች ከዚያ። «የእጁ ጣቶች ወደ ላይ ሆኑ።»

«በቃ፣ ሰኞ እስክመጣ በዚያ ተጠቀሙ።»

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ገመዱ ተመለሰ። ሰኞ ዝናብ ሆነ። ማክሰኞ የሱሉልታው ሥራ አላልቅ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን አለፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ረጅም ገመድ ይዞ ክሊኒኩ ደረሰ። ዶክተሩ ገና አልገባም። አሥራት ስክሪኑን ፈትቶ በትክክለኛው አቋሙ ሰቀለው፣ ገመዱን ሰካ፣ ኮምፒውተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አበራው። ሦስቱንም ጊዜ ቀጥ ብሎ ተነሳ።

«እስኪ አንድ ራጅ ክፈቺልኝ» አላት።

የወይንሐረግ ከፈተችና ሳቀች። «አሁን ደግሞ ሰውየው ተዘቀዘቀ!»

«ያኔ የተጫንሽው ነው ያልጠፋው» አለና ያንኑ ባለ ሁለት ቀስት ምልክት ነካው። ምስሉ ቆመ። የአንድ ሽማግሌ ደረት ነበር፤ አንዱ ወገን ጥቁር፣ ሌላው እስከ ትከሻው ድረስ ነጭ። ነጩ ሳንባው የቋጠረው ውሃ ነው።

የወይንሐረግ ሳቋን አቆመች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ምነው?»

«ነጩ በዚህ በኩል አልነበረም።»

«እንዴት አልነበረም?»

«በዚያ በኩል ነው ያየሁት። ዶክተርም በዚያ በኩል ነው ያየው።» ጣቷን ከምስሉ ጥግ ወዳለች ትንሽ ፊደል ወሰደች። ራጅ አንሺው የበሽተኛውን ግራ ጎን ለማሳየት ከደረቱ አጠገብ የሚያስቀምጣት ምልክት ናት። ፊደሏ ከነጩ ወገን ነበረች። «ግራ ነው» አለች በቀስታ። «ጋሼ፣ ይሄ ግራ ነው።»

አሥራት ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ሳበና ደረት ሣለ፤ በአንዱ ጎን ፊደል ጻፈ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አዞረው፤ ፊደሏ ተዘቀዘቀች እንጂ አልተለወጠችም። መልሶ ሲያዞረው ሁሉም እንደነበረ ሆነ። ቀጥሎ ወረቀቱን አዙሮ፣ ምልክቱ እንደሚያደርገው ከታች ወደ ላይ ገለበጠውና በጀርባው በኩል በመስኮቱ ብርሃን አየው። ደረቱ ቆሟል። ፊደሏ ግን ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ግራው ቀኝ ሆኗል።

ምስሉን ማስዞር ሲገባው ነው ያስገለበጣት። የማዞሪያውና የመገልበጫው ምልክቶች ጎን ለጎን ነበሩ። ተቀመጠ።

የወይንሐረግ መዝገቡን አወጣች። ጉታ ዋቅጅራ፣ ስድሳ ሦስት ዓመት፣ ከተጂ። «በቀኝ ሳንባ ውሃ» ይላል። ከሥሩ፣ «ከቀኝ በኩል በመርፌ ተሞክሮ ጥቂት ደም ብቻ ወጥቷል፤ በሳምንቱ ይመለስ»። የተጻፈው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ሰውየው አልተመለሰም።

ኮሪደሩ ላይ የዶክተሩ ጫማ ተሰማ። አሥራት ያችን ቅጽበት በኋላ ለሚስቱ ሲነግራት አልደበቀም። ስክሪኑ ቆሟል፤ ምን ተብሎ እንደነበር የሚያውቁት እሱና ነርሷ ብቻ ናቸው፤ «ተሠርቷል» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ መውጣት ይችል ነበር። የወይንሐረግ ዓይኗን ከእሱ አላነሳችም።

ዶክተር ካሳሁን የረጠበ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። «እሰይ፣ ተቃናልን?» አለ።

«ዶክተር፣ ይቀመጡ» አለው አሥራት። «አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።»

ነገረው። ወረቀቱን እያገላበጠ አሳየው። ዶክተሩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ «ምን ማለትህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ወደ ምስሉ ጠጋ ብሎ አየው።

«ውሃው ልቡን ወደ ቀኝ ገፍቶታል» አለ። «ምስሉ ሲገለበጥ ልቡ በቦታው ያለ መሰለኝ።» ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። «መርፌው ውሃ ሳያወጣ ሲቀር መጠርጠር ነበረብኝ። ጀርባውን መታ መታ አድርጌ አላዳመጥኩትም። ቸኩዬ ነበር።»

የወይንሐረግ የሽማግሌው ስልክ ላይ ደወለች። ዝግ ነው። እሷ የአሥራ አንዱን ቀን ራጆች አንድ በአንድ እንድታይ ትተዋት፣ ዶክተሩና አሥራት በዶክተሩ መኪና ወደ ተጂ ተነሱ።

የጅማ መንገድ በጭነት መኪና ተጨናንቋል። ዝናቡ መስተዋቱ ላይ ይወርዳል። መንገድ ላይ ሳሉ የወይንሐረግ ደወለች። የቀሩት የእጅና የእግር ስብራት ናቸው፤ ጎናቸው በዓይን ይታወቃል። የተጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነው። አሥራትን «አንድ ብቻ» የሚለው ቃል ሊያጽናናው ሲገባ አስጨነቀው።

ተጂ ሲደርሱ አንዲት ነጋዴ ሴት ጠየቁ።

«የትኛው ጉታ? ኦቦ ጉታ፣ የታመሙት?» አለች። ቀና ብላ አየቻቸውና በእጇ አቅጣጫውን አሳየቻቸው።

መኪናው ጭቃውን አልወጣም፤ በእግር ሄዱ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ከአንድ አጥር ውጭ፣ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ዝም ብለው ቆመዋል። አሥራት ሲያያቸው ቆመ። የሞተ ሰው ቤት እንዲህ ነው የሚመስለው። ግን የሚያለቅስ የለም። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ከግቢው ወጣች፤ የሽማግሌው ልጅ ላሊሴ ነበረች።

«አካም ጅርቱ» አላት አሥራት።

ሰላምታውን አልመለሰችም። ዶክተሩን አውቃዋለች። «አሁን መጣችሁ?» አለች። «ቄሱን እየጠበቅን ነው። ንስሐ ሊገባ።»

ኦቦ ጉታ አልጋው ላይ አልተኙም፤ መተኛት ካቃታቸው አራት ቀን ሆኗቸዋል። በእህል ጆንያ ተደግፈው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትከሻቸው በየትንፋሹ ይነሳል። ዶክተሩ ተንበርክኮ ጀርባቸውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ። በዚህኛው ጊዜ አልቸኮለም።

«በግራ ውሃው አለ» አለ ሲነሳ። «በቀኝ ደግሞ መርፌው የበሳው ቦታ አየር እያፈሰሰ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው።»

አራት ሰዎች ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ተሸክመው አወረዷቸው። አሥራት ከኋላ ወንበር ሆኖ ሽማግሌውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዛቸው፤ ላሊሴ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እያንዳንዱ ትንፋሽ በገዛ ደረቱ ላይ ይመታዋል። በመሃል ሲዘገይ የራሱንም ይይዛል።

ሰበታን ሲያልፉ ኦቦ ጉታ እየተቆራረጠ መናገር ጀመሩ።

«የሚያመኝ... በዚህ ነው... ብዬ ነበር» አሉ፤ ግራ ጎናቸውን ነክተው። «ለዶክተሩ... ነግሬው ነበር።»

«ምን አሉዎት አባቴ?» አለ አሥራት።

«ምስሉ... አይዋሽም አለኝ።»

ዶክተሩ መሪውን እንደያዘ አልዞረም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲገተር አሥራት አየ።

አዲስ አበባ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ በሁለቱም ጎን ቱቦ ገባላቸው። ከግራው ውሃ ወረደ፣ ከቀኙ አየር ወጣ። ሌሊቱን ያልፋሉ ተብሎ አልታሰበም ነበር፤ አለፉት። ውሃውን ያመጣው የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ታወቀና መድኃኒት ጀመሩ።

በማግስቱ ላሊሴ አሥራትን ኮሪደር ላይ አገኘችው። «አንተ ማን ነህ?» አለችው። «ሐኪም አይደለህም።»

ማን እንደሆነና ምን እንዳደረገ ነገራት፤ ስልኩንም፣ ሱሉልታንም፣ ገመዱንም አልዘለለም።

«ለምን ነገርከኝ?»

«ከሌላ ሰው ብትሰሚው ይብስ ነበር።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። አባቷ ሆስፒታል በቆዩባቸው ሃያ ሁለት ቀናት ውስጥ በየቀኑ ሲመጣ አይታዋለች፤ አንድም ቀን አላናገረችውም።

ዶክተር ካሳሁን ያደረገውን ራሱ ጽፎ ለሚመለከተው ክፍል አስገባና ከክሊኒኩ ለቀቀ። አሥራት ሱቁን አልዘጋም። ነገር ግን በስልክ ማስተካከል ተወ። የሚደውሉት ሰዎች «አንድ ቃል ብቻ ንገረን» ሲሉት፣ «እስክመጣ አትንኩት» ይላል፤ ደንበኛም ቀነሰበት።

በጥቅምት ለዕርቅ ሽማግሌዎች ተላኩና አሥራትና ዶክተሩ ተጂ ተጠሩ። ኦቦ ጉታ ደጃፋቸው ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። የግራው ሳንባቸው ብዙ ጊዜ ታፍኖ ስለቆየ ጠጥሯል፤ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፤ አይከፈትም ተብሏል። እርሻውን የያዘው የላሊሴ ባል ነው።

ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ እንዲነገር አዘዙ። ዶክተሩ የራሱን ተናገረ። አሥራት ወረቀት አውጥቶ በሁሉም ፊት አዞረው፣ ገለበጠው። ማንም አልሳቀም። አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብሎ በፀሐይ ላይ አንስቶ ብዙ አየው፤ ከዚያ ለጎረቤቱ አቀበለው። ዙሩን ጨርሶ ኦቦ ጉታ እጅ ገባ።

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ልጆቼ ናችሁ» አሉ ኦቦ ጉታ። «እኔ... ይቅር...» ትንፋሽ አጠራቸው። አፋቸውን ከፍተው አየር ፈለጉ፤ አንድ እጃቸው ግራ ጎናቸው ላይ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ላሊሴ ከበሩ መጣችና ትከሻቸውን ይዛ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራትን ፊት ለፊት አየችው።

«ይቅር ብያለሁ እያለ ነው» አለች።