ያን ቀን የጮህኩት «ቀስ» ነው «ቄስ»?

ኧረ ተዉ! አያሌው ሞተ? የሉማሜው በያጅ፣ አውሮፕላን የሠራው አያሌው?

ጠዋት ሲደውሉልኝ «የትኛው አያሌው?» አልኩ፣ እያወቅሁ። ሕመሙ ቀለል ብሎት ነበር እኮ። ቅዳሜ ሄጄ ልጠይቀው ነበር።

ለማታውቁት፦ አያሌው ከቅኔ ቤት ወጥቶ ብየዳ የገባ ሰው ነው። በሞተር ሳይክል ሞተር፣ በብረትና በድንኳን ሸራ አንድ ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠራ። ቀልድ አይደለም፣ ትበር ነበር። ከባሕር ዛፍ ብዙም አትበልጥም እንጂ።

ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። የፍጥነት መለኪያዋም የሞተር ሳይክል ስለሆነ የሚቆጥረው ጎማው ሲዞር ነው፤ አየር ላይ ዜሮ ይላል። «ዜሮ ካለ ቆሜያለሁ ማለት ነዋ» ይለኝ ነበር፣ ሳይስቅ። ሁለቴ እየከነፈ ወርዶ የሰው ባቄላ ውስጥ ገባ። ስለዚህ መለኪያው እኔ ሆንኩ፦ የግጦሽ ሜዳው ዳር ቆሜ፣ ፍጥነቱን በዓይኔ ገምቼ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ልጮህለት፤ እሱ ደግሞ ነዳጁን ቀንሶ አፍንጫዋን ቀና ሊያደርግ።

በሦስተኛው ሙከራ አገር ምድሩ ወጥቶ እያየ አያሌው እየከነፈ መጣ። መጣ ስላችሁ መጣ! «ቀስ! ቀስ!» ብዬ ጮህኩ። አልቻለም። ሜዳውን አልፎ ከፍ አለና ሊዞር ሄደ። እኔ አሁንም እጮኻለሁ።

ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች የሰሙት «ቄስ» ነው። «ኧረ ሰውዬው ሊሞት ነው፣ አባን ጥሩለት!» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጡ። አያሌው ዞሮ ሲመለስ ቄስ ይሁኔ መስቀል ይዘው፣ ጥላ ዘርግተው ሜዳው መሃል ቆመዋል።

ያን ጥላ ሲያይ ደንግጦ ነዳጁን ዘጋ፣ አፍንጫዋን ቀና አደረገ። አውሮፕላኗ እንቁላል እንደምትታቀፍ ዶሮ ቁጭ አለች። ቄሱ ጋ ልትደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«ልጄ፣ ተናዘዝ» አሉት።

«አባ፣ እንኳን መጡልኝ! ፍሬን አልነበረኝም» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «እውነቱን ተናገር፣ ቀስ ነው ቄስ?» ይለኛል። የቅኔ ሰው አይደል፣ ሰምና ወርቅ ይፈልግብኛል። እኔም «ቀስ ነው፣ ማርያምን!» እያልኩ እምላለሁ።

አያሌ፣ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ልነግርህ ነበር። የመጀመሪያው ቀስ ነው። ስትዞር የጮህኩት ግን ቄስ ነው። ተስፋ ቆርጬብህ ነበር፤ አንተ ግን በሰላም ወርደህ ስንት ዓመት አሳቅኸኝ። ይቅር በለኝ።

በሐሰት የማልኩባትን እመቤቴን እዚያ ስታገኛት፣ አንተው አስታርቀኝ። ደህና ሁን፣ አያሌ።