ድመቷ ከከረጢት የወጣች ቀን

ከባሌ ሸሽቼ፣ ከልጄ ጋር እንግሊዝ አገር ኬኒንግተን በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ከተደበቅን ጥቂት ወራት ሆኖን ነበር። ከዘመድ ወዳጅ አድራሻችንን የምታውቀው ባተርሲ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ብቻ ነበረች። ከእሷ ሌላ ጉዳያችንን የያዘችው የመንግሥት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ እንግሊዛዊቷ ሶሻል ወርከር ታውቀው ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ሶሻል ወርከሯ ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንደወትሮው አልነበረም። ይቅርታ ጠየቀችኝና በእንግሊዝኛ፣ «ድመቷ ከከረጢቱ ወጥታለች» አለችኝ።

የምን ድመት? ቤታችን ድመት የለም። እንዳልገባኝ አወቀች መሰል፣ ምስጢር ሲወጣ እንዲህ እንደሚባል ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ባሌ እህቴ ቤት ሄዶ አልቅሷል። ልጁ እንደናፈቀችው፣ ንስሐ እንደገባ ነግሯታል። እህቴም ሆዷ ባብቶ የምንኖርበትን ነገረችው። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ፍርሃት ያዛት፤ ለእኔ መንገር ቢያቅታት ለሶሻል ወርከሯ ደወለች።

ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ፖሊስ እየመጣ መሆኑን፣ ትምህርት ቤቱም ልጄን ለማንም እንዳይሰጥ መነገሩን ገለጸችልኝ። በሩን ቆልፌ እንድጠብቅ፣ ስልኩን እንዳልዘጋ፣ ከእሷ ጋር ማውራቴንም እንዳላቆም ነገረችኝ። የማወራው ጠፋኝና ስለ ድመቷ ጠየቅኳት።

እንደነገረችኝ፣ ድሮ ገበያ ላይ የአሳማ ግልገል በከረጢት ይሸጥ ነበር ይባላል። አታላዩ ነጋዴ በግልገሉ ፈንታ ድመት ይከትበታል። ገዢው ጠርጥሮ ከረጢቱን ሲፈታ ድመቷ ዘላ ትወጣለች፤ ማታለሉም ይታወቃል። ‹ድመት› የሚባለው መርከበኞች የሚገረፉበት ጅራፍ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር ነው የሚሉም አሉ፤ እርግጡን ግን የሚያውቅ የለም አለችኝ። በአንዱ ጆሮዬ እሷን፣ በሌላው ደረጃውን እያዳመጥኩ፣ በዚያ ተረት የሚደብቀው አታላዩ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ማንንም አላታለልኩም። እኛ አገር ደግሞ ‹ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል› ይባላል አልኳት። ከእህቴ ሆድ ያወጣው ግን የባሌ እንባ ነበር።

ያኔ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም።

በሩን ቀስ አድርጎ አንኳኳ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ ከፍቶ፣ «የኔ እመቤት፣ ክፈቺልኝ። ለመነጋገር ነው የመጣሁት» አለ።

ያን ለስላሳ ድምፅ አውቀዋለሁ። ሊመታኝ ሲል ሁልጊዜ እንዲያ ይለሰልስ ነበር። ትንፋሼ እንዳይሰማ የሹራቤን እጅጌ ነከስኩ።

ጥቂት ቆይቶ፣ «ልጄ ከትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» አለኝ።

ወዲያው ታች የፖሊሶች ድምፅ ተሰማ። ለእነሱም በጨዋ አንደበት ሚስቱን ሊጠይቅ እንደመጣ ነገራቸው። ይዘውት ወረዱ። በሩን እንድከፍት ሲጠሩኝ ግን ብዙ አስጠበቅኳቸው።

ዕለቱን ሌላ ሰፈር ወሰዱን። በኋላም ፍርድ ቤት እንዳይደርስብን አገደው።

ከእህቴ ጋር ለረጅም ጊዜ ተኳርፈን ቆየን። አሁን አንዳንድ እሁድ ባተርሲ፣ ወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ ውስጥ እንገናኛለን። መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት፣ «እኔ እኮ የማስታርቃችሁ መስሎኝ ነው» አለችኝ። እጇን ያዝኩ። የት እንደምንኖር ጠይቃኝ አታውቅም። ስንለያይ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ትሸኘንና፣ የምንሳፈርበትን ቁጥር ላለማየት ፊቷን ወደ ወንዙ ታዞራለች።