ካውኮ የደረደራቸው ድንጋዮች

ሂልካ ሳውናዋን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበር። ሐይቁ ዳር ያለችውን ያቺን የእንጨት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት የሠሯት አባቷ ናቸው። ሂልካ እዚያችው ውስጥ ተወለደች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለትምህርት ቤት ልጆች ሾርባ ስትሠራ ኖራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ድካሟን የምትጥለውም እዚያው ነበር። ምድጃው ላይ ተቆልለው፣ ግለው ውሃ ሲፈስባቸው እንፋሎት የሚሰጡትን ድንጋዮች ግን የሚደረድራቸው ባሏ ካውኮ ነው። በየጸደዩ ሁሉንም አውርዶ አንድ በአንድ በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ይለያቸዋል። ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠው ይመለሳል፣ ድምፁ የታፈነው ይጣላል። እሳትና ውሃ ሲፈራረቅበት የኖረ ድንጋይ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ያልቃላ! እሷ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ያንን ኳ ኳ ስትሰማ ደስ ይላታል።

ካውኮ ከሞተ ወዲህ ድንጋዮቹን የነካቸው የለም።

«እሱ በእጁ ያስቀመጣቸው ናቸው፤ እንዳሉ ይቀመጣሉ» ትላለች። አለቀ፣ ደቀቀ።

የካውኮ እህት ሌምፒ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሳውና ነው ቀዝቃዛ የድንች ጓዳ? እኔ ለመሞቅ መጣሁ እንጂ ለመንቀጥቀጥ አልመጣሁም!»

«ካልተመቸሽ የራስሽ አለልሽ።»

የሂልካ ልጅ ሚርቫም ድንጋዮቹን ለውጪ እያለች በስልክ ስትነዘንዛት ከረመች። ማን ሰምቷት!

ሚርቫ ሆዷ ገፍቶ የመጣችው በሐምሌ ነው፤ ስንት ዓመት ጠብቃ ያገኘችው የመጀመሪያ ልጇ። ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ ሳውና ገቡ። ሚርቫ ከታችኛው አግዳሚ ተቀመጠች። ሂልካ ከላይኛው አግዳሚ ሆና በጭልፋ ውሃ ቀድታ ድንጋዮቹ ላይ ቸለሰችው።

ጧ!

አንድ ድንጋይ ፈንድቶ ስባሪው በሚርቫ ሆድ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈና ግድግዳው ላይ ተሰካ። ከዚያ የድንጋዩ ቁልል ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ሂልካ ጭልፋውን እንደያዘች ድርቅ ብላ ቀረች። 

«እማዬ... ምንም አልሆንኩም» አለች ሚርቫ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ጭና። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«በገዛ እጄ! በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር!» አለች ሂልካ፤ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ።

በማግስቱ ሌምፒም መጥታ ድንጋዮቹን አወረዱ። የላዮቹ ጥቂቶች ደህና ድንጋይ ነበሩ። ከሥራቸው ያሉትን ግን ሂልካ አንስታ ጨበጥ ብታደርጋቸው እንደ ደረቀ ዳቦ በእጇ ውስጥ ተፈረፈሩ። አንዱን ጣለች፣ ሌላ አነሳች፤ እሱም አሸዋ ሆነ።

«ይሄማ እሱ ከሞተ ወዲህ የሆነ አይደለም» አለች ሌምፒ። ለዛሬ እንኳ አልቀለደችም።

ሚርቫ ከአሸዋው ውስጥ አንድ የጠቆረ ነገር አወጣች። በሠርጓ ዋዜማ፣ እንደ ሙሽራ ወግ ሳውና ገብታ ስትታጠብ የጠፋባት የብር ጆሮ ጌጥ!

«አባባ እኮ ከሠርጌ በኋላ በመጣው ጸደይ ‹ድንጋዩን በሙሉ አውርጄ ፈለግሁት፣ የለም› ብሎኛል! በየዓመቱም እንደዚያው ነው ያለኝ!»

ሂልካ ጌጡን ተቀብላ አገላበጠችው። ለካስ ካውኮ ከሠርጉ ጀምሮ አላወረዳቸውም! የላዮቹን ብቻ ነበር የሚለውጠው። ስኒውን በሁለት እጁ ሲይዝ በርዶት ይመስላት ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ እንድትቆልፍለት አንገቱን ሲሰጣት ደግሞ በስተርጅና መሽኮርመም መስሏት ትስቅ ነበር። እጁ ከድቶት ኖሯል፣ የሞኝ ነገር! አንድ አልጋ ላይ እየተኛች አላወቀችም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ኳ ኳ ምን ነበር?» አለች።

ሚርቫ ውሃ ልታመጣ ወደ ቤት ሄደች። ሂልካ መዶሻውን ፍለጋ ከአግዳሚው ሥር እጇን ብትሰድ ከመዶሻው አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘች። አንድ ጎኑ ከመመታት ብዛት ነጥቶ ጎድጉዷል። የሳውናው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ድንጋዩን ጭኗ ላይ አደረገችና መታችው። ኳ ኳ። አረፍ ብላ ደገመችው። ድንች ስትልጥ ትሰማው የነበረው ድምፅ ራሱ ነው።

የወጥ ቤቱ በር ብርግድ አለና ሚርቫ ባዶ እግሯን እየሮጠች ወጣች። ደረጃው ላይ እናቷን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እማዬ! አባባ... አባባ መሰለኝ እኮ!»

«እኔስ?» አለች ሂልካ፤ እንባዋ ድንጋዩ ላይ ይወርዳል። «እኔም ይህንኑ እየሰማሁ ድንጋዮቹን ሁሉ የሚለይ ይመስለኝ ነበር።»