የቆሎ ኪስ

ካይሮ ውስጥ፣ አይን ሻምስ ጣቢያ ላይ አንዲት የአገሬ ልጅ የሜትሮው የሴቶች ፉርጎ ውስጥ ትገባና በሩ አጠገብ ቆማ ትሰፋለች። ወንበር ቢለቀቅላትም አትቀመጥም። የምትሰፋው ከአሮጌ አበባማ አንሶላ የቆረጠችውን፣ መዳፍ የሚያክል ከረጢት ነው። ለሐበሻ የቤት ሠራተኞች ቆሎ ትሸጥበታለች። መጀመሪያ በወረቀት ሞክራ ነበር፤ ግፊያው ውስጥ እየተቀደደ ቆሎው ተበተነባት። አሁን ጎኑን ሁለቴ ትሰፋለች፣ ያልወደደችውን ስፌት ተርትራ እንደገና ትጀምራለች።

«ፌስታል አይቀልሽም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ፌስታሉማ ተጥሎ የሚቃጠለው የእኔ መስኮት ሥር ነው» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። «እዚህ አገር ደግሞ ፌስታልን ኪስ ነው የሚሉት። ገና እንደመጣሁ ማዳም ‹ኪስ› ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ የሰረቅኩ መስሏት ልትፈትሸኝ ነው ብዬ ቀሚሴን መዳበስ ጀመርኩ። ለካ ዩኒፎርሙ ኪስ የለውም። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሆን ብለው ነው ያለ ኪስ የሚያሰፉልን።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ከረጢቱን አገላብጣ አየችው።

«ቆሎው ሲያልቅ ይሄ አይጣልም። ልብስ ላይ ይሰፋል።»

ካፖርቷን ገለጥ አደረገች። ግራጫው ዩኒፎርም ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አበባማ ኪስ ተሰፍቷል። ከውስጡ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

«ማዳም አላየችውም?»

«አይታዋለች» አለች፣ ልትወርድ ወደ በሩ እየዞረች። «ተረተረችው። መልሼ ሰፋሁት።»